ሰባት ቀለሟን ወፍ እንዴት እንለያት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎቶዋ አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ ሳይደርስ አልቀረም። ፊቷ ለጋ ቅጠል፣ ጉሮሮዋ ወይን ጠጅ፣ ደረቷ ውሃ ሰማያዊ፣ ጀርባዋ ከሰል። ወገቧ ላይ ደግሞ ፍም የተቀመጠ ይመስላል። ከፎቶው ሥር "ይቺ ደግሞ የየት አገር ናት?" የሚል ጥያቄ አይጠፋም። መልሱ እንደ መላሹ ነው። አንዱ አውስትራሊያ ይላል። አንዱ "በኮምፒውተር የተሠራች ናት፣ አትሸወዱ" ይላል። አንዱ የእኛው አገር ወፍ ናት ብሎ ይምላል።

የደቡብ አሜሪካ ናት። ወፍ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ስለ አንዲት ወፍ ይህን ያህል ተጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ የሚመላለሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል። ሰው ሁሉ ቀለሟን ለመቁጠር ይጣደፋል። ቀለም ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ የት እንደታየች ጠይቁ፤ ቀጥሎ ጀርባዋን እዩ።

ለመሆኑ ስሟ ማን ነው?

በእንግሊዝኛ ፓራዳይዝ ታናጀር ትባላለች፤ የገነት ታናጀር እንደማለት ነው። ታናጀር የአንድ ትልቅ የወፎች ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ታንጋራ ቺሌንሲስ ነው። ስፓኒሽ የሚናገሩ ጎረቤቶቿ ሲዬቴ ኮሎሬስ ይሏታል፣ ሰባት ቀለም። ብራዚሎች በፖርቱጋልኛ "የአማዞን ሰባት ቀለም" ይሏታል። "የአማዞን" የምትለዋ ለምን እንደተጨመረች ቆየት ብለን እናያለን። አገራችን ስለሌለች እኛ ስም አላወጣንላትም። እኔ እዚህ ሰባት ቀለም እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ለአፍም ይቀላል።

ታንጋራ የሚለው ቃል የመጣው ከቱፒ ነው፤ የብራዚል ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው። የሚገርመው፣ ዛሬ ብራዚል ሄዳችሁ "ታንጋራ" ብትሉ ሰው የሚያስበው ይቺን ወፍ አይደለም። ወንዶቹ ተሰልፈው እየዘለሉ የሚጨፍሩ ሌላ ወፍ አለ፤ እሱን ነው። ሳይንቲስቶቹ ስሙን ከአንዱ ወስደው ለሌላው ሰጥተውት ቀረ።

ቺሌንሲስ ከተባለች ቺሊ ትገኛለች ማለት ነው?

አትገኝም። በ1832 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አየርላንዳዊው የእንስሳት አጥኚ ኒኮላስ ቪገርስ ስም ሲያወጣላት፣ ናሙናዋ ከቺሊ የመጣ ተደርጎ ነበር የተያዘው። ስህተት ነበር። ነገር ግን በሳይንሳዊ ስም አወጣጥ ሕግ፣ ቀድሞ የወጣ ስም ትርጉሙ ስለተሳሳተ ብቻ አይነሳም። ስለዚህ ቺሊን ሳታይ ቺሊያዊት ተብላ ቀረች።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስብ ደግሞ አለ። ቺሊ ውስጥም ሲዬቴ ኮሎሬስ የምትባል ሌላ ወፍ አለች። ያቺ ጫካ ውስጥ አትኖርም፤ ሐይቅ ዳር ቄጠማና ደንገል መሃል ነው ቤቷ። ትንሽዬ ናት፣ ሆዷ ቢጫ፣ ከጭራዋ ሥር ቀይ። ከታናጀሮች ጋር ዝምድና የላትም። ቺሊያዊ ጓደኛችሁ "እኔ ሐይቅ ዳር አይቻታለሁ" ካለ አልዋሸም። ስለ ሌላ ወፍ ነው የሚያወራው።

በትክክል ምን ትመስላለች?

ትንሽ ናት። ከ13 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ብትረዝም ነው፤ ክብደቷም 20 ግራም ገደማ። አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። ፎቶዎቹ ላይ ትልቅ የምትመስለው ቀለሟ ስለሚጮህ ነው።

ከፊት እንጀምር። አናቷና ጉንጯ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ዝናብ እንደጠገበ ለጋ ቅጠል። ላባው እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሯል። ቀረብ ያለ ፎቶ ላይ ላባ አይመስልም፤ ጌጥ የተለጠፈባት ነው የምትመስለው። ዓይኗ ዙሪያ ጠበብ ያለ ጥቁር አለ። ምንቃሯ አጭርና ጥቁር ነው፤ እግሯም ጥቁር።

ጉሮሮዋ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው። ከደረቷ እስከ ጎኗ ያለው ውሃ ሰማያዊ ነው። የሆዷ መሃል ግን ጥቁር ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ከታች ሆኖ ላያት ግን በደንብ ይታያል። ማጅራቷ፣ ጀርባዋና ጭራዋ እንደ ከፋይ የጠቆረ ነው። ትከሻዋ ላይ ውሃ ሰማያዊ አለ፤ የክንፏ ላባዎች ጠርዝ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል።

ከዚያ ወገቧ። ከጀርባዋ ታችኛው ክፍል እስከ ጭራዋ መነሻ ድረስ ፍም የመሰለ ቀይ ነው። ቁጭ ስትል ክንፏ ይሸፍነዋል። ስትነሳ ቦግ ይላል።

አንዳንዱ "ዥጉርጉር ወፍ" ይላታል። ዥጉርጉር አይደለችም። ቀለሞቿ አይደባለቁም፣ አይረጩም፤ እያንዳንዱ የራሱ ድንበር አለው። ጥቁር ሸማ ላይ የተጠለፈ ጥለት በሉት። ደረቷ ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ እሷ አይደለችም፤ ነጠብጣብ ያለባቸው ታናጀሮች ሌሎች ናቸው።

እውነት ሰባት ቀለም አላት?

እንቁጠር። አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ። አምስት። የክንፏን ጠርዝ ጥቁር ሰማያዊ ብለን ለብቻው ከቆጠርነው ስድስት። ሰባተኛው ቢጫ ነው። ችግሩ፣ ቢጫው ሁሉም ላይ የለም።

ኢኳዶር፣ ምሥራቅ ፔሩ ወይም ቦሊቪያ የምታገኟት ወገቧ ቀይ ብቻ ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቬንዙዌላ፣ ጋያና፣ ሱሪናም፣ የብራዚሏ ማናውስ አካባቢ ስትሄዱ ግን ቀዩ አጭር ይሆንና ከሥሩ ደማቅ ቢጫ ይከተላል። ያው አንድ ዝርያ ናት፣ ንዑስ ዝርያዋ ነው የሚለየው። ስለዚህ አንዱ ፎቶ ላይ ቢጫ አይታችሁ ሌላው ላይ ብታጡት ግራ አትጋቡ። እንዲያውም ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ፎቶው ከየትኛው የአማዞን ጥግ እንደመጣ ይጠቁማችኋል።

ሰባቱን በቁጥር እሞላለሁ የሚል ሰው እንግዲህ ማናውስ ነው መሄድ ያለበት።

እዚያ ድረስ ሄጄ ያየሁት ጥቁር ወፍ ብቻ ነው። ምን ተሳስቼ ነው?

ምንም አልተሳሳታችሁም። ይህ ሁሉም ላይ የሚደርስ ነው። እኔም ላይ ደርሷል።

ኢኳዶር ውስጥ፣ ናፖ ወንዝ አቅራቢያ፣ ትልቅ ዛፍ ላይ የተሠራ ማማ ላይ ነበርኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጉሙ ገና አልተነሳም። አስጎብኚያችን "ሲዬቴ ኮሎሬስ!" ብሎ በጣቱ አመለከተ። ባይኖኩላሬን አነሳሁ። አሥር የሚሆኑ ወፎች ፍሬ ያለው ዛፍ ላይ ይንጫጫሉ። ሁሉም ጥቁር ናቸው። ከጀርባቸው ነጭ ሰማይ ነው። የት አለ አረንጓዴው? የት አለ ወይን ጠጁ? የከሰል ፍርፋሪ ነው የሚመስሉት። ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት አልኩ በሆዴ።

ከዚያ አንዷ ከእኛ ዝቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ወረደች። ስትወርድ ወገቧ በራ። ቀይ። ክብሪት እንደመጫር። አርፋ ፊቷን ስታዞር ደግሞ አረንጓዴው መጣ፣ ሰማያዊው መጣ። ከሰከንድ በፊት ከሰል የነበረችው ወፍ ናት።

ወፏ የምትኖረው የዛፍ ጫፍ ላይ ነው። እኛ የምንቆመው መሬት ላይ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ብርሃን ካለበት ሰማይ ፊት ስትታይ ቀለም የሚባል አይኖራትም። ሦስት ነገር ይረዳል። ፀሐዩን ከጀርባችሁ አድርጉ። ከተቻለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሁኑ፤ ማማም ይሁን ገደል ዳር ያለ መንገድ። ካልተቻለ ደግሞ ቁጭ ያለችውን ትታችሁ የምትበረውን ተከተሉ፤ ወገቧ የሚገለጠው ያኔ ነው። አንገት ስለሚደነድን በየመሃሉ ማረፍም አይከፋም።

የት የት ትገኛለች?

አማዞን። ከአንዲስ ተራሮች ምሥራቅ ያለው ትልቁ ደን፣ እስከ ተራሮቹ ግርጌ ድረስ። በአገር ከሆነ ኮሎምቢያ፣ ቬንዙዌላ፣ ጋያና፣ ሱሪናም፣ ፈረንሳይ ጊያና፣ ብራዚል፣ ኢኳዶር፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያ።

ይህ መልስ ደረቅ ይመስላል፣ ግን ከቀለም ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ከአንዲስ በስተምዕራብ፣ በፓስፊክ ዳርቻ በኩል ከሆናችሁ፣ እሷ አይደለችም። ሪዮ ዴ ጃኔሮ ወይም ሳኦ ፓውሎ ከሆናችሁም አይደለችም። አርጀንቲና ከሆናችሁም አይደለችም።

ለጉዞ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ፔሩ ውስጥ ማኑና ታምቦፓታ፣ ኢኳዶር ውስጥ የናፖ አካባቢ ይታወቃሉ። ከተማ ሳልርቅ ልያት ለሚል ደግሞ ማናውስ ዳር የአማዞን ሙዚየም የሚባል ቦታ አለ፤ 42 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ማማ አቁመዋል። ደረጃው ጉልበት ይፈትናል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ግን ከዛፎቹ አናት ጋር እኩል ናችሁ።

ብራዚል ሄጄ ሙዝ ስትበላ በቅርብ አንስቻታለሁ። እሷ ናት አይደል?

ሙዝ የተቀመጠላት ምግብ ማቅረቢያ ላይ፣ ሳኦ ፓውሎ ወይም ፓራና አካባቢ ከሆነ፣ በብዛት እህቷ ናት። ሰው የሚሳሳተው ከሁሉም በላይ እዚህ ጋ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ብራዚል ውስጥ ሁለት ትልልቅ ደኖች አሉ። አንዱ አማዞን ነው። ሌላው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የተዘረጋው፣ ዛሬ ተቆራርጦ ጥቂቱ የቀረው የአትላንቲክ ደን ነው። በሁለቱ መሃል ሰፊ ደረቅ አገር አለ። በየበኩላቸው የየራሳቸው ሰባት ቀለም አላቸው። ብራዚሎች "የአማዞን" የምትለዋን የጨመሩት ለዚህ ነው። እንዲያው "ሰባት ቀለም" ካሉ የአትላንቲኳን ማለታቸው ነው።

የአትላንቲኳ በእንግሊዝኛ ግሪን ሄድድ ታናጀር ትባላለች፤ ባለ አረንጓዴ ራሷ ማለት ነው። ራሷ ወደ ውሃ ሰማያዊ የሚሄድ አረንጓዴ ነው። ማጅራቷ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ሻርፕ የጣለች ይመስላል። ወሳኙ ምልክት ይህ ሻርፕ ነው፤ የአማዞኗ ማጅራቷ ጥቁር ነው። ሆዷ ታችኛው ክፍል አረንጓዴ ነው። ወገቧ ደግሞ ብርቱካናማ እንጂ ቀይ አይደለም። ይቺ ወደ ምሥራቅ ፓራጓይና ወደ አርጀንቲናዋ ሚሲዮኔስም ትዘልቃለች። ሰው አትፈራም፤ ሙዝ ካለ ትመጣለች። በይነመረብ ላይ "ፓራዳይዝ ታናጀር" እየተባሉ ከሚዞሩት የቅርብ ፎቶዎች ውስጥ የእሷ ብዙ ነው። የእኛዋ የምትውለው ከላይ ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አትቀርብም።

ሦስተኛዋ ደግሞ አለች። ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ፔርናምቡኮና አላጎዋስ አካባቢ። በእንግሊዝኛ ስሟ ራሱ ሰባት ቀለማዊት ታናጀር ነው፣ ሴቨን ከለርድ ታናጀር። ራሷ በሙሉ ውሃ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ሆዷ ደማቅ ሰማያዊ፣ ወገቧ ብርቱካናማ። ጉሮሮውን እዩ፤ ጥቁር ከሆነ እሷ ናት፣ ወይን ጠጅ ከሆነ የአማዞኗ። ይቺ ሦስተኛዋ ደኗ ተመንጥሮባት፣ በቀፎ ለማሳደግም እየታደነች ተመናምናለች። ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ ናት። የአማዞኗ ግን ለጊዜው እዚያ ደረጃ አልደረሰችም።

እዚያው አማዞን ውስጥስ ማንን ትመስላለች?

በጥሩ ብርሃን ማንንም። አረንጓዴ ፊት፣ ወይን ጠጅ ጉሮሮና ቀይ ወገብ አንድ ላይ ያላት እሷ ብቻ ናት።

በመጥፎ ብርሃን ግን ከጓደኞቿ ጋር ትምታታለች። ብቻዋን አትሄድም። ከአምስት እስከ ሃያ ሆነው ይሄዳሉ፤ ሌሎች ታናጀሮችም ይቀላቀሏቸዋል። አረንጓዴና ወርቃማ የሆነች፣ ፊቷ ላይ ጥቁር ጭምብል ያላት አለች። ሆዷ ቢጫ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ አለች። ሆዷ ቡኒ፣ ወገቧ ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅም አለች። መንጋው እንደ ሠርግ አጃቢ ነው፤ ሁሉም ለብሶ ይመጣል። መንጋ ስታዩ አንዷን ለይታችሁ "እንግዲህ ሁሉም እሷ ናቸው" አትበሉ።

ወንዱና ሴቷ እንዴት ይለያሉ?

በዓይን አይለዩም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ይለብሳሉ። ደብዘዝ ያለች፣ ፊቷ በአረንጓዴ ገና ያልሞላ ካገኛችሁ ሴት ስለሆነች አይደለም፤ ልጅ ስለሆነች ነው።

"ዘፋኝ ወፍ" ይሏታል። ትዘፍናለች?

"ዘፋኝ ወፍ" የዘር ስም ነው፣ የሙያ ምስክር ወረቀት አይደለም። ድምፅ ማውጫ አካላቸው በአንድ ዓይነት መንገድ የተሠራ ትልቅ የወፎች ወገን አለ፤ ቁራም እዚያ ውስጥ ነው። ቁራ ሲዘፍን የሰማ እጁን ያውጣ።

የእኛዋ ድምፅ ቀጭን ነው። አጠር ያለ "ቻክ"፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚሾል "ዚት"። ከዛፍ ጫፍ ሲወርድ ነፍሳት ነው የሚመስለው። ግን ጠቃሚ ነው። ብዙ ጊዜ መንጋው መድረሱን የምታውቁት በእሱ ነው፤ ሳታዩአት በፊት ትሰሟታላችሁ።

የአማዞን ድምፃዊት ሌላ ናት። ኡይራፑሩ ትባላለች፤ ቡኒ ናት፣ መሬት አካባቢ ቅጠል ስትቆፍር ትውላለች፣ ብታልፍባችሁ ዞር ብላችሁ አታዩአትም። ስታዜም ግን ዋሽንት ነው። መልክና ድምፅ ሲታደል እኩል አልደረሰም መሰለኝ።

ፎቶው በኤዲቲንግ የደመቀ ነው ወይስ እውነተኛ ቀለሟ ነው?

አንዳንዱ ፎቶ በእርግጥ ተጋንኗል። ግን ወፏ ያለ ማጋነንም በቂ ናት።

ቀለሟ ከሁለት ቦታ ይመጣል። ቀዩና ቢጫው ከምግብ ነው። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ንጥረ ነገር ከፍሬ ጋር ገብቶ ላባ ውስጥ ይቀመጣል። ሰማያዊው ግን ቀለም አይደለም። ላባው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች አሉ፤ ብርሃን ሲገባባቸው ሰማያዊውን መልሰው ይረጩታል። ሰማያዊውን ላባ ወስዳችሁ ብትወቅጡት ሰማያዊነቱ ይጠፋል። አረንጓዴው አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ድምር ነው።

ሌላም ምስጢር አላቸው። የታንጋራ ወገን ወፎች ከላይ ከሚታየው ላባ ሥር ሌላ ንብርብር አለ። ከቀዩና ከቢጫው ሥር ነጭ ይሆናል፣ ከሰማያዊው ሥር ጥቁር። ቀለም ቀቢ ግድግዳውን መጀመሪያ ነጭ ቀብቶ ቢጫውን ከላይ ሲያሳርፍበት እንደሚደምቀው ማለት ነው። ወፏ ይህን ከቀቢው በፊት ነበር የምታውቀው።

ስለዚህ ፎቶ ስትመረምሩ ድምቀቱን አትጠርጥሩ፤ አቀማመጡን ጠርጥሩ። አሁን አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ወፎች በዝተዋል። ቀለሙ ያምራል፣ ግን ቦታውን ይስታል። ቀዩ ደረት ላይ ይመጣል፣ ጀርባው ሰማያዊ ይሆናል፣ ወይም እንደ ጣዎስ ረጅም ጭራ ይተከልላታል። ጀርባዋ ጥቁር ካልሆነ እለፏት።

ቨርጂኒያ ጓሮዬ ያየሁት ቀይ ወፍም ታናጀር ነው አሉኝ። ዘመዷ ነው?

በስም እንጂ በዘር አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት የሚመጣ፣ መላ አካሉ ቀይ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር የሆነ ወፍ አለ፤ ስካርሌት ታናጀር። ሴቷ ቢጫ አረንጓዴ ናት። በዘር ምርመራ ሲታይ የካርዲናል ቤተሰብ ሆኖ ተገኝቷል። ስሙ ግን አልተቀየረም።

የሚገናኙበት ቦታ ግን አለ። ይህ ወፍ ብርዱ ሲመጣ ቀዩን ቀሚሱን አውልቆ ቢጫ አረንጓዴ ይለብስና ወደ ደቡብ አሜሪካ ይበርራል፤ እስከ ፔሩና ቦሊቪያ፣ የአንዲስ ግርጌ ድረስ። እናንተ ጓሮ በረዶ ሲጥል እሱ ሰባት ቀለም ካለችበት ደን ውስጥ ነው።

እውነተኞቹ ታናጀሮች ደግሞ ከ370 በላይ ዝርያ ያላቸው ግዙፍ ቤተሰብ ናቸው። በዝግመተ ለውጥ ትምህርት የምናውቃቸው የጋላፓጎሶቹ የዳርዊን ፊንቾች ሳይቀሩ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ግራጫና ጥቁር ናቸው እነሱ። ቤተሰብ መመሳሰል አለበት ያለ ማን ነው?

ገልፍ አገር ወፍ ገበያ ላይ አይቻታለሁ ብል?

ምናልባት ያያችሁት ጉልዲያን ፊንች ነው። ደረቱ ወይን ጠጅ፣ ሆዱ ቢጫ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ፊቱ ቀይ ወይም ጥቁር። የአውስትራሊያ ወፍ ነው፤ በመላው ዓለም በቀፎ ይረባል። ምንቃሩን እዩ። ወፈር ያለ የጥሬ መፈልፈያ ነው። የታናጀሯ ቀጠን ይላል። ጀርባው አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ይበቃል ለነገሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

የለችም። ታናጀሮች የአሜሪካ ምድር ወፎች ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ አንድም የለም። እኛ አገር አበባ ላይ የምታዩዋቸው የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ወፎች ሰንበርድ የሚባሉት ናቸው። ምንቃራቸው ረጅምና ጎበጥ ያለ ስለሆነ አያሳስቱም።

ምን ትበላለች? ገዝቼ ላሳድጋትስ?

ፍሬ ትበላለች፤ የዱር ሾላም ሌላም። በመሃል ቅርንጫፍ ላይ ወደ ታች ጎንበስ እያለች ከሥሩ ነፍሳት ትለቅማለች። ፍሬ ያፈራ ዛፍ ካገኛችሁ ሥሩ መጠበቅ ዱካ ከመከተል ይሻላል።

ማሳደጉን ግን ተዉት። ብራዚል ውስጥ የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው፤ የ1998ቱ የአካባቢ ወንጀሎች ሕግ በግልጽ ይከለክላል። ሕጉን ብንተወው እንኳ ወፏ ጥሬ በልታ የምታድር አይደለችም። በየቀኑ ትኩስ ፍሬና ነፍሳት ትፈልጋለች። ምግቧ ውስጥ ብረት ከበዛ ደግሞ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ይገድላታል። በቀፎ የተያዙ ታናጀሮች ላይ የታወቀ ችግር ነው። ልምድ ያላቸው መካነ እንስሳት እንኳ በጥንቃቄ ነው የሚይዟቸው።

በስልክ አፕሊኬሽን መለየት ይቻላል?

ይቻላል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል መርሊን የተባለ ነፃ መተግበሪያ አለው፤ ፎቶም ድምፅም ይቀበላል። ከመሄዳችሁ በፊት የአገሩን ጥቅል አውርዱ፣ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ። አይናቹራሊስትም ጥሩ ነው፤ እዚያ ሰዎችም ያዩታል። ሁለቱም ግን ቦታውን ካልነገራችኋቸው ይሳሳታሉ። እንደ እኔው።

ፎቶ ብልክልህ ትለይልኛለህ?

እሞክራለሁ። ግን "ይቺ ማን ናት?" ብላችሁ ፎቶ ብቻ አትላኩ። የት እንደተነሳች፣ በምን ወር፣ ዛፍ ጫፍ ላይ ወይስ ሙዝ ማቅረቢያ ላይ እንደነበረች ጻፉልኝ። ፊቷ ያማረበትን አንድ ፎቶ ከመምረጥ ሁሉንም ላኩ፤ የተበላሸውንም ጨምሩ።

አንድ ልጅ በቅርቡ የላከልኝ እንዲህ ያለ ብዥታ ነበር። ወፏ ተነስታ ስትሄድ ነው ያነሳት። ፊት የለም፣ ደረት የለም። ጥቁር ነገር፣ መሃሉ ላይ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ቢጫ። "ይቅርታ፣ ይሄ እንኳ አይረባም" ብሎ ጽፎበታል።

"ማናውስ ነበርክ ወይስ ሱሪናም?" አልኩት።

ማናውስ ነበር።